ቫልቩ አላፈሰሰም

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዲፌንሴ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ቆሜ የማቀርብበት ቀን፣ ዘጠኝ ሳምንት ቀረው። ሰው በዚህ ጊዜ ወይ ፀጉሩን ይቆረጣል ወይ ደብተር ይገዛል። ፀጉሬን እወደዋለሁ፣ ስለዚህ ይኸው ደብተር።

ኋላ ሳረጅ «ይቺ ልጅ ምን ነበር የምትሠራው?» ብዬ እንዳልቸገር ልጻፈው። ከጡብ የማትበልጥ፣ መስኮቶች ያሏት የብረት ሣጥን አለችኝ። ውስጧ ናይትሮጅን እሞላለሁ፣ በአንዱ መስኮት አረንጓዴ ሌዘር አስገባለሁ። ብርሃኑ ሞለኪውሎቹን ሲነካ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ እጅግ በጣም ጥቂቱ ግን ቀለሙን ለውጦ ይወጣል። እሱ ነው የራማን ብርሃን የሚባለው። ቀለሙ የተለወጠበት መጠን ሞለኪውሉ ማን እንደሆነ ይናገራል፣ ሙቀቱንም ያሳብቃል። ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጉብታ ሆኖ ይታያል። እኔ የጉብታውን ውፍረት እለካለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ የጉብታ ውፍረት። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «ልጄ መብራት ነው የምታጠናው» ትላለች፤ ጎረቤቶቹም አምፖል ሲቃጠልባቸው እኔን ይጠይቁኛል።

የቀረኝ አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ ግፊቱ ከአንድ እስከ ሃያ አትሞስፌር ሲወጣ ጉብታው ምን ያህል እንደሚወፍር። ቀመሩን ፕሮፌሰሬ ድሮ አውጥተውታል። ግፊት ሲጨምር ሞለኪውሎቹ አብዝተው ይጋጫሉ፣ ሲጋጩ ጉብታው ይወፍራል። ቀላል ነው። እኔ ለክቼ «አዎ፣ ወፈረ» ብዬ ልመረቅ ነው።

እማዬ ትናንት ከነስፌት መኪናዋ ገባች። የቤቷ ጣሪያ እየተቀየረ ነው፣ እስኪያልቅ እኔ ጋ ናት። ቤቴ አንድ ክፍል ተኩል ነው። ተኩሉን የስፌት መኪናው ወስዶታል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

መሣሪያው ብርሃን እየቆጠረ ነው። አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ እስከዚያ እጽፋለሁ።

ዛሬ ስምንት አትሞስፌር ሞላሁ። ጉብታው መወፈር ሲገባው ቀጠነ።

ከመሣሪያው አጠገብ በሲባጎ የታሰረ ትልቅ መዝገብ አለ። የለካ ሁሉ የለካውን እዚያ ይጽፋል። የመጨረሻው ዓምድ «ምክንያት» ይላል። ልኬቱ ከቀመሩ ጋር ከተስማማ ዓምዱ ባዶ ይቀራል፤ ካልተስማማ ግን ምክንያት ሳይጽፉ መውጣት ነውር ነው። ነውሩን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። እኔም እንደ ሰዉ «ቫልቭ አፈሰሰ» ብዬ ጻፍኩ። ነገሩ ግልጽ ነው። ጉብታው ከቀጠነ ሣጥኗ ውስጥ ያለው ግፊት የግፊት መለኪያው ጌጅ ከሚለው ያነሰ ነው፤ ካነሰ ጋዙ የሆነ ቦታ ወጥቷል፤ ከወጣ ደግሞ ሣጥኗን በሚዘጋው ቫልቭ ነው።

ጠቅላላው የብርሃን ቆጠራ ግን ምንም አልቀነሰም። ይሄ የሌላ ቀን ጉዳይ ነው።

ጋሽ ቫልቭ መጡ። የጋዝ ቴክኒሻናችን ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ናቸው፣ እሳቸውም ለምደውታል። በብሩሽ የሳሙና ውሃ በየመገጣጠሚያው ቀቡ። የሚያፈስ ነገር ካለ አረፋው ይነፋል። አልተነፋም።

«አያፈስም፣ ልጄ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀጥኖብኛል እኮ።»

«እሱን አላውቅልሽም። ይሄ ግን አያፈስም።»

ከዚያ መዝገቡን አዩና ሳይከራከሩ ሌላ ቫልቭ ገጠሙ። ሲወጡ «ምሳ በላሽ?» አሉኝ። በምሳ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ የሚራመድ የለም፣ ጠረጴዛው አይነቃነቅም፣ ደህና ልኬት የሚገኘው ያኔ ነው። «እበላለሁ» አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

እማዬ ለዲፌንሴ ቀሚስ ልትሰፋልኝ ነው። ጨርቁን ይዛው መጥታለች፣ ሰማያዊ ነው። ወገቤን፣ ትከሻዬን፣ ክንዴን ለካችኝ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አትጽፍም፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ሲጋጩ ለምንድነው የሚወፍረው?» አለችኝ ስፒል በጥርሷ ይዛ።

«አንድ ሰው ዘፈን ሲዘፍን በየመሀሉ ቢገፈትሩት ድምፁ ይሰባበራል አይደል? ቅላጼው የቱ ጋ እንደነበር አይለይም። ሞለኪውሉም እንደዚያ ነው። ንዝረቱን ሳይጨርስ ሌላው ይመታዋል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል።»

«እኔ እንኳ ስፌት ላይ ሰው ሲያቋርጠኝ ይብስ ይቀናኛል» አለች።

ይሄ ሳይንስ አይደለም አልኳት። ትከሻዬን መታ አድርጋ አዞረችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

አሥር አትሞስፌር። ቀጠነ። ቫልቭ።

አሥራ ሁለት። ይብስ ቀጠነ። ቫልቭ።

ጋሽ ቫልቭ ሁለት ጊዜ መጡ፣ ሁለት ጊዜ ቀየሩ። ሁለቱንም ጊዜ የሳሙና ውሃቸውን ቀብተው ያልተነፋውን አረፋ አሳዩኝ።

ጠቅላላ ብርሃን፦ መዝገቡ ላይ ዓምድ አልተሠራለትም፣ ስለዚህ አልጻፍኩትም።

ምሳዬን ጥንቁቁ በላው። ጥንቁቁ አጠገቤ የሚቀመጠው ተማሪ ነው፤ እርሳስ ሲቀርጽ እንኳ ጓንት ያደርጋል። «እናትሽ እጇ ይባረክ» አለኝ። ለእማዬ አደርሳለሁ። አይ፣ አላደርስም። የበላሁት እኔ ነኝ ብላ ነው የምታስበው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ፕሮፌሰር ዛሬ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ግራፌን አዩ። እስከ ሦስት አትሞስፌር ነጥቦቹ ቀመሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ከመስመሩ ሥር ቀርተዋል፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ቫልቭ» አልኳቸው።

«እህ። የተበላሹትን አውጪና የቀሩትን አቅርቢ።»

ደግ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው አማካሪዬ ጥሎኝ ሲሄድ ማንም ሳይፈልገኝ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። «አንቺ አታሳፍሪኝም» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ቃሉ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ቆየ።

አሥራ ሰባቱንም አወጣኋቸው። ከሦስት በላይ የቀሩልኝ ሁለት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ሌንሱ በደንብ ሳይስተካከል የለካኋቸው። ደብዛዛ ስለሆኑ ወፍራም ይመስላሉ። ከቀመሩ ጋር ግን ይስማማሉ፣ ምክንያት አያስፈልጋቸውም።

ደስ ብሎኛል። ሠንጠረዡ አለቀ ማለት ይቻላል። በጣም ደስ ብሎኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 30

ቀሚሱን ለካሁት። ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ያስገባል።

«ሜትርሽ ተለጥጧል፣ እማዬ።»

«በዚህ ሜትር ሠላሳ ዓመት ለክቻለሁ።»

«ለዚያ እኮ ነው የምልሽ። አርጅቷል።»

እማዬ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ማስመሪያዬን አምጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንድ ሚሊሜትር አልተዛነፈም። ከዚያ ሜትሩን ጠቀለለች። እኔም ጨርቁ ነው የተለጠጠው ብዬ ዞር አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ማተሚያው ጋ ወረፋ ይዤ ሁለት የአስተዳደር ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሮዬን አልጣልኩም፣ ራሱ ነው የሄደው።

«ስልሳ ሦስት ጊዜ ቫልቭ ያፈሰሰበት ቴክኒሻን አይቼ አላውቅም።»

«ሰውዬው ደክሞታል መሰለኝ።»

«ውሉ በኅዳር መጨረሻ ያልቃል። አይታደስም፤ መዝገቡን ኮፒ አድርገን አያይዘናል።»

ወረቀቴን ሳላትም ተመለስኩ። መዝገቡን ከፍቼ ቆጠርኩ። ልክ ናቸው፣ ስልሳ ሦስት። በእኔ እጅ የተጻፈው አሥራ ሰባት ነው።

ጋሽ ቫልቭ ከሰዓት በኋላ ሲሊንደር እየገፉ አለፉ። እንደ ልማዳቸው «ምሳ?» አሉኝ። መዝገቡን ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

አስቤበታለሁ። አንደኛ፣ ውሳኔው የእኔ አይደለም። ሁለተኛ፣ አርባ ስድስቱን የጻፉት ሌሎች ናቸው። ሦስተኛ፣ ምናልባት በእርግጥ አፍስሶ ይሆናል። አራተኛ አጣሁለት።

ሥራ አለብኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ዛሬ እቤት ነኝ፣ ምዕራፍ አራትን ልጽፍ። እማዬ ግን በየአምስት ደቂቃው ትጠራኛለች። «ሚጣ፣ ክር አቀብይኝ።» «ሚጣ፣ ይሄ ቧንቧ ለምንድነው የሚያጉረመርመው?» «ሚጣ፣ ያቺ ዘመዳችን የወለደችው ወንድ ነው ሴት?» ጠዋት ስነሳ አምስት ሀሳብ ነበረኝ፦ ሠንጠረዡ፣ ምዕራፍ አራት፣ ያልታጠበው ልብስ፣ የሚያመኝ ጥርሴ፣ የጋሽ ቫልቭ ውል። አንዱን ስይዝ እጠራለሁ፣ ስመለስ ሌላው ላይ እገኛለሁ። ከዚያም ከዚህም ስዘል እስከ እኩለ ቀን አምስቱም ተቀላቅለው አንድ ሀሳብ ወጣቸው። እሱም ያ የማልፈልገው፣ የውሉ ነው።

ክሩን እያቀበልኩ እጄ አየር ላይ ቆመ።

የናይትሮጅን ሞለኪውል ይንቀጠቀጣል፣ ይሽከረከራልም። አንዱ በዝግታ፣ ሌላው በፍጥነት። በሽክርክሪቱ ፍጥነት ልክ የንዝረቱ ቀለም በጥቂት በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ እኔ አንድ ጉብታ የምለው በጣም የተጠጋጉ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ግፊት ስጨምር ግጭቱ መጀመሪያ እያንዳንዱን መስመር ያወፍረዋል፤ የፕሮፌሰር ቀመር የሚያውቀው ይሄንን ብቻ ነው። መስመሮቹ እርስ በርስ እስኪነባበሩ ድረስ ከወፈሩ በኋላስ? ግጭት ሞለኪውሉን ማቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሽክርክሪቱንም ይቀይረዋል። ዝግተኛው ፈጣን ይሆናል፣ ፈጣኑ ዝግተኛ፣ እንደገና፣ እንደገና። አንዱም በራሱ ቀለም ረግቶ አይቆይም። በጣም ሲፈጥን ብርሃኑ የሚያየው የሁሉንም አማካይ ብቻ ነው። ጉብታው ወደ መሀል ይሰበሰባል። ግጭት ሲበዛ ይቀጥናል።

«ክሩን ስጪኝ እንጂ» አለች እማዬ።

ሰጠኋት። ሰውነቴን ሁሉ ደስ አለው፤ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ግን ሌላው ነገር ተከትሎ መጣ። እንዲህ ከሆነ ቫልቩ አላፈሰሰም። አንድም ቀን።

ጠቅላላው የብርሃን ቆጠራ ማለት የሞለኪውል ቆጠራ ነው። ጋዝ ወጥቶ ቢሆን ብርሃኑም አብሮ ይቀንስ ነበር። አልቀነሰም። ይሄንን ከጥቅምት 7 ጀምሮ አውቃለሁ። ማለቴ፣ አይቼዋለሁ እንጂ አላወቅኩትም። ልዩነት አለው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጋሽ ቫልቭ ክፍል ሄድኩ። ከደረጃው ሥር ናት፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡባት። እንዲሁ ያለፍኩ መስዬ «የሚወጡትን ቫልቮች የት ነው የሚያደርጓቸው?» አልኳቸው።

መሳቢያ ከፈቱ። አሥራ ሁለት ቫልቮች፣ ታጥበው፣ በወረቀት ላይ ተደርድረው። እያንዳንዳቸው አንገት ላይ የካርቶን ቁራጮች ተንጠልጥለዋል፣ ቁራጮቹ ላይ ቀን ተጽፏል።

«እነዚህ ብቻ ናቸው?»

«እነዚህ ብቻ ናቸው። እየተዟዟሩ ነው እንጂ ስልሳ ሦስት ቫልቭ ከየት ይመጣል?» አሉና አንዷን አነሱ። «ይቺ ስድስት ጊዜ አፈሰሰች ተብላለች። አወጣታለሁ፣ ሦስት ቀን በሠላሳ አትሞስፌር አስሬ አቆያታለሁ፣ መርፌው ንቅንቅ አይልም። አጥቤ መልሼ እገጥምላችኋለሁ። የተገጠመች ቀን ደህና ናት፣ ግፊት ስትጨምሩ ታፈሳለች።»

«ለምን አልነገሩንም፣ ጋሼ?»

አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«በየጊዜው እነግራችሁ የለም እንዴ። አንቺንስ ስንቴ አልኩሽ? መዝገቡ ላይ ደግሞ የሚጽፈው የለካ ነው። እኔ አልለካም።»

ስለ ውላቸው ያውቁ እንደሆነ መጠየቅ ፈለግኩ። አልጠየቅኩም። ሲሸኙኝ «ከስታችኋል እናንተ ልጆች» አሉኝ። ከእኛ መሀል የከሳ ማን እንደሆነ እንጃ፤ ጥንቁቁ እንኳ ሁለት ሰው ሆኗል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ተገኘ። የኮምፒውተሬን ስክሪን ከፍ ለማድረግ ከሥሩ የተደረገ ወፍራም አሮጌ መጽሐፍ አለ። ከእኔ በፊት የነበረችው ተማሪ ነች ያስቀመጠችው። አምስት ዓመት ከአገጬ ሥር ነበር። ዛሬ አውጥቼ ማውጫውን አየሁ፣ ግጭት የሚለውን ፈለግኩ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ። ግፊት ሲጨምር የተጠጋጉ የራማን መስመሮች ተዋህደው እንደሚቀጥኑ፣ ከነሥዕሉ። ሥዕሉ እኔ ካወጣኋቸው ነጥቦች ጋር አንድ ነው።

ከቅዳሜ ጀምሮ ሳላውቀው ግኝት አለኝ ብዬ ነበር የምራመደው። አራት ቀን ሳይንቲስት ሆኜ ኖርኩ። ዓለም የሚያውቀውን ነው ያገኘሁት፤ ለካ እኛ ብቻ ነን ያላነበብነው።

ስክሪኑ አሁን ዝቅ ብሏል፣ አንገቴን ያመኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ልነግራቸው ወደ ፕሮፌሰር ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ። በሩን ሳንኳኳ «ይኸው መጣች» አሉና ለእንግዳቸው አስተዋወቁኝ፦ «በታኅሣሥ ታቀርባለች። ቀመራችንን እስከ ሃያ ያደረሰችው እሷ ናት።»

እንግዳው ጨበጠኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አመሰግናለሁ» አልኩ። ከዚያ ስለ ኮሪደሩ ጫጫታ አንድ ነገር አጉረምርሜ ወጣሁ።

ፈሪ ነኝ። ሌላ ቃል ፈልጌለት ነበር፣ የለም። ምርቃቴ እስከ ሰኔ፣ ስድስት ወር ቢዘገይብኝ አልሞትም፤ ጋሽ ቫልቭ ግን በዚያ ዕድሜያቸው ሌላ ሥራ ማን ይሰጣቸዋል? ያውም «ስልሳ ሦስት ጊዜ ያፈሰሰበት» ተብለው። ይህን አውቃለሁ፣ ከጥቅምት 7 ጀምሮ ባይሆን እንኳ ከኅዳር 5 ጀምሮ አውቃለሁ። ልዩነት አለው ብዬ የጻፍኩትን አየሁት። የለውም።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ለእማዬ «አንዲት ጓደኛዬ» ብዬ ነገርኳት። ጓደኛዬ በሥራ ቦታዋ ስህተት እንደሠራች፣ በስህተቷ አንድ ትልቅ ሰው ከሥራ ሊወጡ እንደሆነ፣ ከተናገረች ግን ምርቃቷ እስከ ሰኔ እንደሚዘገይ፣ አለቃዋም እንደሚያፍሩ። እማዬ የቀሚሱን ወገብ ለሁለተኛ ጊዜ እየፈታች ነበር።

«ጓደኛሽ ምሳ ትበላለች?» አለችኝ።

«ምን አገናኘው?»

«እኔ ጠዋት ጠዋት ቋጥሬ የምልክላትን ትበላለች ወይ ነው የምልሽ።»

እማዬ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ሜትሬን ስትሰድቢው ያልተቆጣሁት ለምን ይመስልሻል? ሜትሩ ልክ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ሰውዬው ግን ማን አለላቸው?» ከዚያ የስፌት መኪናዋን ማዞር ጀመረች። «ቀሚሱ በታኅሣሥም በሰኔም ይለበሳል። ክንድሽን ዘርጊ።»

ዘረጋሁ። አለቀስኩም፤ በክንዴ እንዳልጠርግ ስፒል ተሰክቶበታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ነገርኳቸው።

ጠዋት በአንድ ሰዓት ገብቼ ሲባጎውን ፈታሁና መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ አመጣሁት። አሥራ ሰባቱን መስመሮቼን አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ከእያንዳንዱ ጎን «ቫልቩ አላፈሰሰም። ልኬቱ ትክክል ነው። ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ጠቅላላውን የብርሃን ቆጠራ ከኮምፒውተሩ አውጥቼ ጨመርኩ፣ ፈረምኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አንድ ልኬት ያህል። ከዚያ መዝገቡን በአንድ እጄ፣ ያን ወፍራም መጽሐፍ በሌላው ይዤ ገባሁ።

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። የቀጠነውን፣ የብርሃን ቆጠራውን፣ መጽሐፉን፣ ከግራፉ ያወጣኋቸውን ነጥቦች፣ ደብዛዛ ስለሆኑ ያስቀረኋቸውን ሁለቱን፣ ማተሚያው ጋ የሰማሁትን። «አሳፈርኩዎት» አልኳቸው መጨረሻ ላይ።

ፕሮፌሰር መጽሐፉን አልነኩም። መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጡ ሄዱ። ከጥንቁቁ፣ ከእኔ በፊት ከነበረችው፣ ከእሷም በፊት ከነበሩት አልፈው፣ ወረቀቱ ወደ ቢጫነት የተለወጠበት ድረስ። የመጀመሪያው «ቫልቭ አፈሰሰ» እዚያ ነው። ጽሕፈቱን አወቅኩት፤ ፕሮፌሰር በመመረቂያ ጽሑፌ ጠርዝ ላይ የሚያርሙኝ በእሱው ነው።

«ቸኩዬ ነበር» አሉ። ለእኔ አይደለም የተናገሩት። «ቀመሩን ለማተም ሁለት ሳምንት ነበር የቀረኝ።»

እኔም ጣሪያውን አየሁ፣ ወለሉን አየሁ። ከዚያ እስክሪብቶ አነሱና ያቺን መስመር ሰረዙ፣ ፈረሙ፣ የዛሬን ቀን ጻፉ።

«ዲፌንስሽ በታኅሣሥ አይሆንም።»

«አውቃለሁ።»

«ምዕራፍ አራት እንደ አዲስ ይሠራል። ምናልባት ሰኔ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አላሳፈርሽኝም ለማለት ይከብደኛል። አፍሬያለሁ። ግን ያሳፈርሽኝ አንቺ አይደለሽም።»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ግን ሆዴ ጮኸ፣ በጣም ጮኸ፣ በአጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሰምታ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ባጭሩ፦ ፕሮፌሰርና እኔ መዝገቡን ይዘን አስተዳደር ቢሮ ገባን። እሳቸው ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ሁለተኛውን ገጽ ማንም አልተረዳውም፣ እሱ ነው ያሳመናቸው። ጋሽ ቫልቭ አሥራ ሁለቱን ቫልቮች በትሪ ይዘው መጡ፣ ከነካርቶናቸው። የቢሮው ኃላፊ ስድስቴ አፈሰሰች የተባለችውን አንስታ አገላበጠቻት፣ ቀኖቹን አነበበች፣ መለሰቻት። ውላቸው ታደሰ። ለሁለት ዓመት።

ጥንቁቁ ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ የእሱም ምዕራፍ በዚሁ ቀመር ነው የቆመው። በአራተኛው ቀን ማስመሪያ ይዞ መጣና የራሱን ዘጠኝ መስመሮች ሰረዘ። በማስመሪያ ነው የሰረዘው፣ ቀጥ አድርጎ። ሲጨርስ «ምሳሽን ዛሬ አልበላልሽም» አለኝ። ይቅርታ መሆኑ ነው መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

ዛሬ ልመረቅ ነበር።

እማዬ ትናንት ሄደች፣ ጣሪያው አለቀ። ተኩሉ ክፍል ተመልሶልኛል፣ ምን እንደማደርግበት ግን አላውቅም። ማንም ስለማያቋርጠኝ ጠዋት ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍኩም።

ቀሚሱን ለብሼ ነው ሥራ የገባሁት። ለምን እንደሆነ እኔም እንጃ፤ ተንጠልጥሎ ሲያየኝ አሳዘነኝ። ጥንቁቁ «ማን አገባ?» አለኝ። ፕሮፌሰር አዩኝና ወንበር ስበው መሣሪያው አጠገብ ተቀመጡ። እንዲህ ካደረጉ ስንት ዓመት እንደሆናቸው አላውቅም።

ጋሽ ቫልቭ ያቺን ስድስቴ የተወነጀለችውን ገጠሙልኝ። ግፊቱን ቀስ እያልን አወጣነው፦ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። አርባ ደቂቃ አራታችንም ሳንነቃነቅ ተቀመጥን። ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ መጣ። አንድ መስመር፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያየነው። ፕሮፌሰር «ቆንጆ ነው» አሉ።

ቁጥሮቹን መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ግፊት፣ ውፍረት፣ ጠቅላላ ብርሃን። ለጠቅላላ ብርሃን ዓምድ አሥምሬለታለሁ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን ለጋሽ ቫልቭ ሰጠኋቸው።

«እኔ አልለካም እኮ» አሉ።

«ሲለኩ ነው የኖሩት» አልኳቸው። «ያዩትን ይጻፉ።»

ፕሮፌሰርን አዩ። ፕሮፌሰር መዝገቡን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉላቸው። ጋሽ ቫልቭ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ብዙ አሰቡ። ጽሕፈታቸው ትልልቅ ነው፣ ሁለት መስመር ያዘ።

«ቫልቩ ደህና ነው። ጋዙም ደህና ነው።»

ፈረሙ። እስክሪብቶውን ሊመልሱልኝ ዘረጉና ቀሚሴን፣ አሁንም የሰፋኝን ወገቡን አዩት። እንደገና ጎንበስ ብለው ከሥሩ አንድ ነገር ጨመሩ፦

«ልጅቷ ግን ምሳ ትብላ።»

ሌዘሩን አጠፋሁ። ሄጄ በላሁ።